እረፍት አይጠራቀምም

አርፋችሁ የምታውቁ ሰዎች ካላችሁ፣ እስቲ እንዴት እንደሚደረግ አስተምሩኝ። እኔ እንዳርፍ ስሜ ተመዝግቦልኛል። እንዴት እንደሚታረፍም ሥልጠና ወስጃለሁ። የምታሳርፈኝ ሰው ተመድባልኝ፣ ማረፍ አለማረፌን የሚያይ ተቆጣጣሪ ሳይቀር ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ሰሞን ደክሞኝ አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። የምንኖረው ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ነው። ባሌ አያሌው ገበሬ ነው፤ ገብስና ባቄላ ይዘራል። ያለችን አንዲት ልጅ ናት፤ ትርንጎ። ስትወለድ ምጡ ጸንቶብኝ፣ እሷም ትንፋሿ ዘግይቶ ነው የመጣው። አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አትሄድም፣ አትቀመጥም፣ አትናገርም። አንገቷን ሰው ካልደገፈላት ራሷ ወደ ኋላ ይወድቃል። ጉርሻውን ካጣደፍኩባት ትታነቃለች። አልፎ አልፎ ደግሞ ይጥላታል።

ግን ሁሉን ታውቃለች። አባቷ ከእርሻ ሲመለስ ኮቴውን ከሌላ ሰው ኮቴ ትለያለች። አህያ ሲያናፋ ከሰማችማ እንባዋ እስኪፈስ ድረስ ነው የምትስቀው። አህያ በጠፋ ቀን፣ ደጁን ግራ ቀኝ አይቼ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ እኔው ራሴ አናፋላታለሁ። ይህን ለማንም እንዳትነግሩብኝ።

ድሮ በአንድ ክንዴ የማነሣት ልጅ ዛሬ ስትታዘል እግሯ ቁርጭምጭሚቴን ይመታኛል። እሷ በረዘመች ቁጥር የኔ መንገድ አጠረ። መጀመሪያ ገበያ ቀረብኝ፣ ቀጥሎ ማኅበር፣ ቀጥሎ ሠርግና ለቅሶ። እናቴ ያለችው እስቴ ነው፤ መካነ ኢየሱስ ላይ ከአውቶቡስ ተወርዶ በእግር የሚኬድ አገር። ከእኛ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ዞሮ እዚያ ለመድረስ ቀኑ ያልቃል። በዚያው ቀን ተመልሶ መግባት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ እናቴን የማገኛት በስልክ ነበር። ወንድሜ ባዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይደግንላታል።

«ልጅቱ እንዴት ናት?» ትለኛለች።

«ደህና ናት እምዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ደህና ነኝ።»

«ውሸታም» ትልና ስልኩን ለባዬ ትመልሳለች።

እሷ ራሷ ግን ደህና አልነበረችም። ሕመሙ አልጋ ላይ ጥሏት ከርሟል።

እንዲህ እያለን አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ሸሚዙን በሱሪው ውስጥ ያደረገ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ቆሞ ተናገረ። አካል ጉዳተኛ ልጅ ላላቸው ወላጆች የእፎይታ አገልግሎት የሚባል ድጋፍ መጥቷል አለን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ረቡዕ ረቡዕ፣ የሠለጠነች ሴት ቤታችን ድረስ መጥታ ልጃችንን ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትይዛለች። ወላጅ በዚያ ጊዜ ያርፋል ብሎ የተመዘገብነውን በስም ጠራ።

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ጣጣ አመጣብኝ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ጆሯቸው ከበድ ይላል። ከሰውዬው ንግግር መሀል የኔን ስምና «ታርፋለች» የሚለውን ብቻ ለቅመው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቴ ሄዱ። እኔ ቤቴ ገብቼ ትርንጎን ሳጎርስ አባ ይርጋ መስቀላቸውን ይዘው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ከች አሉ።

«ልጄ፣ ምን አገኘሽ?»

«ደህና ነኝ አባ። ምነው?»

«አይ... ልታርፊ ነው ሲባል ሰምቼ።»

«ረቡዕ ረቡዕ ነው አባ» አልኳቸው።

አባ ይርጋ መስቀሉን እንደያዙ ብዙ አሰቡ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንቱን ፈትቻለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «በየሳምንቱ የሚያርፍ ሰው ግን አላጋጠመኝም።» ነገሩን ሳስረዳቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲወጡ ግን ትርንጎን በመስቀላቸው ዳሰሱና ሳቃቸው ጠፋ። «ይሁንልሽ ልጄ» አሉኝ። «እውነት ይሁንልሽ።»

አገልግሎቱ ከመጀመሩ በፊት ወላጆች መሠልጠን አለባቸው ተባለ። ሥልጠናው ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል ማሳሰቢያ ነበረው። እንግዲህ አስቡት፤ ልጄን ለሰው ትቼ መውጣት ያልቻልኩ ሰው፣ ልጄን ለሰው ትቶ መውጣትን ለመማር ልጄን ይዤ ልወጣ ነው። አያሌው ባጃጅ ለምኖ አመጣ። ራሷን ታፋዬ ላይ፣ እግሯን ወደ ውጭ አድርገን አስተኛናት። ሾፌሩ በየመንገዱ «እግር! እግር!» እያለ ሰው ያስጠነቅቃል፤ አጣና የጫነ ነበር የሚመስለው።

አዳራሹ ፎቅ ላይ ነበር። ከዚህ በላይ ምንም አልልም። ደረጃ ነበረው፤ ወጣነው።

አሠልጣኙ ጨዋ ልጅ ነው። ስለ ውጥረት አስተማረን። ውጥረት ሲበዛ ሰውነትን ይጎዳል አለ፤ በዚህ ሁላችንም ተስማማን። ከዚያ «አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና የምትወዱትን ጸጥ ያለ ቦታ አስቡ» አለን። እኛ አንድ አንድ ዓይን ጨፈንን። ሌላው ዓይናችን ልጆቻችን ላይ ነው።

«ሁለቱንም!» አለ አሠልጣኙ።

«ልጁ ከወንበሩ ቢወድቅብኝስ?» አለች ከአጠገቤ የነበረች ሴት፤ በአንድ ዓይኗ እያየችው።

አሠልጣኙ ልጁንም ወንበሩንም አየ። «እሺ፣ በአንድ ዓይንም ይቻላል» አለና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ።

የመጀመሪያው ረቡዕ ደረሰ። የምትመጣዋ ልጅ የሠለጠነች ትሁን እንጂ ለኔ እንግዳ ናት። እንግዳ በወና ቤት አስቀምጦ ውልቅ ማለት የት አገር ያለ ነው? ጠላውን ቀደም ብዬ ጠንስሼ ነበር። ማክሰኞ ወለሉን በእበት ለቀለቅኩ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮውን፣ ድንቹን፣ የገብስ ዳቦውን አሰናዳሁ። አያሌው ጧት ሲወጣ ሞሰቡን ከፍቶ አየና «ዛሬ የማን ተዝካር ነው?» አለኝ።

«የማርፍበት ቀን ነው» አልኩት፤ ከላቤ ጋር።

ወይንሸት መጣች። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ የቆየች፣ ለጋ፣ ቀጭን ልጅ ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች።

«እትዬ፣ እርስዎ ይሂዱና ይረፉ» አለችኝ።

«የት ልሂድ?»

«የፈለጉበት።»

የፈለግሁበት! እሱ አገር የት እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ወጣሁና ባሕር ዛፉ ሥር ቆምኩ። ተመለስኩ፤ የትርንጎን ማንኪያ ላሳያት ብዬ ነው። እንደገና ወጣሁ። እንደገና ተመለስኩ፤ በግራ ጎኗ እንደማትተኛ ልነግራት። ሦስተኛ ስመለስ ወይንሸት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አፍሬ የታጠፈ ልብስ ሁሉ አግበስብሼ ወንዝ ወረድኩ። አንድ ነገር ካልሠራሁ ማረፍ አልቻልኩም።

ገና አንዱን ሳላለቅልቅ ከላይ «ኡኡ!» የሚል ሰማሁ። ድምፁ ከኛ ቤት ነው። እርጥቡን ቀሚስ ታቅፌ ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እማማ ጥሩ ደረታቸውን መምታት ጀምረዋል። ትርንጎን ጥሏት ነበር፤ እኔ ስደርስ ግን አልፎላት፣ አንዱ ጎረቤት ሲሮጥ አስከትሎት የመጣው አህያ ደጅ ላይ ሲያናፋ እየሰማች ትፍለቀለቃለች። ወይንሸት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሥልጠናው ላይ በአሻንጉሊት ነው ያሳዩን» አለችኝ እያለቀሰች። «አሻንጉሊቱ ዓይኑን አልገለበጠም።»

ፊቷን አጠብኩላት። አጎረስኳት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እስከ መንገዱ ሸኘኋት። በዚያ ቀን ሁለት ልጅ ያዝኩ ማለት ነው።

አትመለስም ብዬ ነበር፤ በሚቀጥለው ረቡዕ መጣች። እንደፈራች መጣች፤ ይህን ሁልጊዜ አመሰግናታለሁ። ሲጥላት እንዴት በጎኗ እንደምትተኛ፣ ምን ከአጠገቧ እንደሚነሣ፣ እንዴት ዝም ብሎ እንደሚጠበቅ አሳየኋት። እሷም በፋንታዋ ስልኳ ውስጥ የአህያ ድምፅ ፈልጋ አገኘች። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ወይንሸትን ስታይ ገና ስልኩ ሳይከፈት መሳቅ ጀመረች። እኔም ቀስ በቀስ ከባሕር ዛፉ አልፌ መሄድ ቻልኩ። አንድ ረቡዕ ገበያ ወጣሁ። አንድ ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ፤ ቢነግሩኝ የማላምነው ነገር ነበር።

መሀል ላይ ተቆጣጣሪው መጣ። ወላጅ ስለማረፏ ራሷ መፈረም ስላለባት እቤት ጠብቂ ተብዬ ነበር።

«እናቲቱ አሉ?» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«አለሁ።»

«ካሉማ እያረፉ አይደለም።»

«ባልኖር ማን ይፈርምልዎ ነበር?»

ሰውዬው አሰብ አደረገ። «እሱም አለ» አለና አስፈርሞኝ ሄደ።

ይህ ሁሉ በሳቅ ያልፋል። ያላለፈልኝ ሌላው ነው። የክትባት ዘመቻ መጣ ተብሎ ወይንሸት ለሌላ ሥራ ተወሰደች። አንድ ረቡዕ ቀረች፣ ቀጥሎም ቀረች፣ የሚነግረኝ ሰው እንኳ የለም። ትርንጎ ከጧት ጀምሮ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትውላለች። በዚያው ሰሞን ባዬ ደወለ። ሁልጊዜ ሲደውል ይቀልዳል፤ በዚያ ቀን አልቀለደም።

«እህል መቅመስ ትታለች» አለኝ። «ነይ አላልኩሽም። ግን ስምሽን ትጠራለች።»

ስልኩን ስዘጋ ትርንጎ ታፋዬ ላይ ነበረች። እንደ ሌላ ሰው ብድግ ብዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ የምወጣ ሴት ብሆን ብዬ ተመኘሁ። ምኞቴን ልጄ የሰማችብኝ መሰለኝና ግንባሯን ሳምኳት።

በማግስቱ ትርንጎን አዝዬ ለአቤቱታ ወጣሁ። አያሌው እስከ ዋናው መንገድ እሷን አህያ ላይ አስተኝቶ አገዘኝና ወደ እርሻው ተመለሰ። የእርሻ ወቅት ነው፤ አልፈረድኩበትም። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ደመላሽ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ከኔ ያንሳል፣ ኮታቸው ግን አንቱ ያሰኛል። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ጠበቅሁ። ወጡና ሌላ ስብሰባ ገቡ። ጠበቅሁ። በመጨረሻ ቢሯቸው አስገቡኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ተነሥተው ወንበር ሰጡኝ።

ነገሬን አስቤበት ነው የሄድኩት። «ጌታው፣ ያለፉኝ ረቡዖች አሉ» አልኩ። «ወይንሸት ያልመጣችባቸው። እነሱን በአንድ ላይ አድርጋችሁ ስጡኝ። እናቴ እስቴ ሞት አፋፍ ላይ ናት፤ አንድ ሌሊት አድሬ ልመለስ።»

አቶ ደመላሽ በትካዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናት፣ አገልግሎቱ የቀን ነው። አዳር የለውም። ያለፈው ደግሞ አልፏል። እረፍት አይጠራቀምም።»

«ድካሙስ?»

«ምን አሉ?»

«ድካሙ ግን ይጠራቀማል ጌታው። እሱ አንድ ቀን እንኳ አልፎ አያውቅም።»

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ ዛሬ ደንቡን ያወጣ ሰው አላገኘሁም፤ የማገኘው ሁሉ ያላወጣውን ነው።

አሁን የምነግራችሁን ብልጠት ነው እንዳትሉብኝ። ከጧት ጀምሮ መንገድ ላይና በረንዳ ላይ የዋልኩ ሰው ነኝ፤ ሰውነቴ የግድ አለኝ። ትርንጎን የማስተኛበት የለም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

«አንድ ጊዜ ይያዙልኝ» አልኩና አቶ ደመላሽ እሺም እምቢም ሳይሉ እቅፋቸው ውስጥ አደረግኋት። «አንገቷን እንዳይለቁ» ብዬ ወጣሁ።

መጸዳጃው ከግቢው ጫፍ ነው። ቁልፉ ደግሞ ዘበኛው ጋ ነው። ዘበኛው ደግሞ ምሳ ላይ ነበር። እንግዲህ ምን ላድርግ?

ስመለስ አቶ ደመላሽ ከተውኳቸው ቦታ ንቅንቅ አላሉም። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ይጮሃል፤ ማንሣት አልቻሉም። ለሃጯ ኮታቸው ላይ ወርዷል። ትርንጎ ግን አገጫቸውን ከሥር አንጋጣ እያየች በጣም ተመችቷታል።

«ቆዩ እኮ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ቆየሁ» አልኩ።

«እጄ ደነዘዘ። ላስቀምጣት ብዬ የት እንደማስቀምጣት አጣሁ።»

«አዎ» አልኩ።

ልጄን ተቀበልኳቸው። ኮታቸውን ሳይጠርጉ ብዙ ቆዩ። ጥያቄዬን ለበላይ እንደሚጽፉ ነገሩኝ። መጻፋቸውን አምናለሁ። መልሱ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጧት በሩ ተንኳኳ። ወይንሸት ናት። ከቢሮው ሰዎች ሰምታ ነው የመጣችው፤ ማንም አላዘዛትም።

«እስከ ነገ ማታ አለሁ» አለችኝ። «ማጠቡንም ማጉረሱንም እኔ እችላለሁ። የማልችለው ማንሣቱን ነው።»

አያሌው በሬዎቹን ሊያወጣ በረቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ወደኔ አየ፣ ወደ ትርንጎ አየ፣ በረቱን መልሶ ዘጋው። «ማንሣቱን እኔ» አለ።

ጉርሻ እንዴት እንደሚሰጣት ላሳየው ጀመርኩ። ትንሽ፣ ቀስ ብሎ፣ መዋጧን ጉሮሮዋ ላይ አይቶ።

«በሬ ጠምዶ ለሚያርስ ሰው ይህ ሁሉ ትምህርት?» አለኝ።

«በሬው አይታነቅብህም።»

ማንኪያውን ተቀበለኝ።

ይህን ስትሰሙ፣ ይኸው ሰው ለሰው ደረሰለት ብላችሁ ነገሩን እንዳትዘጉት እለምናችኋለሁ። ወይንሸት ባታዝንልኝ ኖሮስ? ነገ ብታገባ፣ ሌላ ሥራ ብታገኝ፣ ወይም ደግነቷ ቢደክመውስ? እኔ የሰው ደግነት አጥቼ አላውቅም፤ የማጣው የሚቆይ ነገር ነው። የምፈልገው ሳልለምን ረቡዕ ረቡዕ የሚመጣ ሰው ነው። ይህን ለአቶ ደመላሽም ብያቸዋለሁ፤ ለሚሰማኝ ሁሉ እላለሁ።

ወደ እናቴ ስሄድ ሚኒባሱ ላይ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ሲቀልሉኝ ጊዜ የሆነ ነገር ረስቼ የመጣሁ እየመሰለኝ ደጋግሜ ወደ ኋላ አየሁ። ከአጠገቤ አንድ ባለ ጋቢ ሽማግሌ እንቅልፍ ወስዷቸው ራሳቸው ሲወድቅ፣ እኔ ሳላስበው አገጫቸውን በመዳፌ ደግፌ ይዣለሁ። ደብረ ታቦር ስንገባ ነቁና እጄን አገጫቸው ሥር አገኙት። ተያየን።

«እንደምን ዋልሽ» አሉኝ በትሕትና።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና እጄን ሰበሰብኩ።

እናቴ ቤት የደረስኩት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እምዬ ትራስ ተደግፋ ተኝታለች፤ ያን የሚያህለው ሰውነቷ አልቆ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። አንገቷን አቅፌ ሳለቅስ ጆሮዬ ላይ የመጀመሪያ ቃሏ «ማን ያዛት?» ነበር። ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ፊቴን በእጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አንዳች ነገር ፍለጋ እንደሚያይ ሰው አየችኝ።

ያሰብኩት ብዙ ነበር። ገላዋን ላጥባት፣ ፀጉሯን ላበጥርላት፣ አጥሚት ሠርቼ በእጄ ላጠጣት፣ ስንት ዓመት ያላወራነውን ላወራት። ጫማዬን ላውልቅ ብዬ ከአልጋዋ ሥር መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ። አንዱን ጫማ አወለቅኩ።

ስነቃ ነግቷል። በእምዬ ጋቢ ተሸፍኛለሁ። አልጋዋን ሳይ ባዶ ነው። ዘልዬ ስነሣ እምዬን በሩ ላይ አየኋት፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ምርኩዟን መቃኑ ላይ አጋድማ በሩን ዘግታለች። ውጭ በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ተኮልኩለዋል። አንዲቱ ሴት በሹክሹክታ «እንዴት አደርሽ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?» ስትላት እሰማለሁ።

«ቀስ!» አለቻት እምዬ። «ልጄ ተኝታለች።»

ባዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ከወደቀች ጀምሮ ቀና ብላ መቀመጥ አቅቷት ነበር። ጎህ ሲቀድ ግን አንሡኝ አለች፤ ዶሮዎቹን ከደጅ አስባረረች፣ ጠያቂዎቹን በምርኩዝ አስቆመች። ሰዎቹም በሽተኛዋን ስለ ጤነኛዋ እየጠየቁ ሄዱ።

እኔ ግን ለራሴ ተናደድኩ። «ምነው ሳትቀሰቅሺኝ!» አልኳት እያለቀስኩ። «ላስታምምሽ መጥቼ በእንቅልፍ ጨረስኩት። አሁን መሄዴ እኮ ነው!»

«ልጅሽን ጠብቀሽ አታውቂም?» አለችኝ። «እኔም የኔን ልጅ ስጠብቅ አደርኩ። ከዚህ ሌላ ምን ልትሰጪኝ ነበር የመጣሽው?»

ባለችኝ ጥቂት ሰዓት ፀጉሯን አበጠርኩላት። ከአጥሚቱም ጠጣችልኝ።

እቤት ስደርስ ትርንጎ በሳቅ ተቀበለችኝ። ወይንሸት ዓይኗ ቀልቷል። አያሌው ግን ሰላምታም አላስቀደመ።

«አንቺ ስትተኚ አይቼሽ እንደማላውቅ አሁን ነው የገባኝ» አለኝ። «ሁልጊዜ ቀድሜሽ የምተኛው እኔ ነኝ።»

እምዬ እስከ አጨዳ ቆየች። መርዶው የመጣው ሰኞ ነው። ወይንሸት በዚያ ጊዜ ወደ አርብ ገበያ ከተማ ተዛውራ ነበር፤ በእሷ ምትክ ሰው ይመጣል የተባለው ገና አልመጣም። ቤቱ መሀል ቆሜ ማልቀስ አልቻልኩም፤ መጀመሪያ ትርንጎን ለማን እንደምሰጥ ማሰብ ነበረብኝ። አያሌው ማጭዱን ጣለ። ጋቢውን አወረደና ትርንጎን ጀርባው ላይ አድርጎ፣ እንደ ሴት ከደረቱ ቋጥሮ አዘላት። ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆሞ አየው። ያን ረጅም እግሯን በሁለት እጁ ይዞ፣ ማንንም ሳያይ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ቀብሩ ላይ ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ ሴቶቹ ሙሾ ሲያወርዱ፣ እኔ ዓይኔ ትርንጎ ላይ ነው። ፀሐዩ በረታባት፣ አንገቷ ዘመመ፣ ሊጥላት ይሆን እያልኩ ነው። ሬሳው ሲወርድ እንኳ እጄ ወደ እሷ ተዘረጋ። አያሌው እጄን ይዞ መለሰው፤ ራሷን በትከሻው አቃንቶ አስደገፈ።

«አንቺ አልቅሺ» አለኝ። «እሷን እኔ ይዣታለሁ።»